የግብጦ ውሃ በጠላ ቅል

ታናሽ ወንድሜን አለበልን በዘነዘና ትከሻውን ብዬ የጣልኩት እኔው ነኝ። ማንኩሳ ገበያ ላይ ሌላ ሌላ ይወራል፤ የመታችው ሰብለ ናት የሚልም አለ። ውሸት! የሰብለ ቀኝ እጅ ያን ቀን ከክርኗ በታች ተሰብሮ በነጠላ ታስሮ ነበር፤ በየት በኩል ዘነዘና ታነሳለች? እኔ ነኝ፣ እታለም ነኝ። ዛሬም ያንን መጥረቢያ ይዞ ቢመጣ እደግምለታለሁ። ነገሬ ግን ስለ እኔ አይደለም፣ ስለ ሰብለ ነው።

ሰብለ የሌላኛው ወንድሜ የእንዳለው ሚስት ናት፤ ነበረች ልበል። እኔ፣ እንዳለውና አለበል የአንድ እናት ልጆች ነን፣ ታላቅ እኔ። ቤታችን ከማንኩሳ ትንሽ ወጣ ብሎ ነው፤ ወደ ቡሬ የሚያልፈው መኪና ድምፁ ይሰማናል። የእኔና የእንዳለው ቤት በአንድ አጥር ነው የሚለየው፤ እዚያ ቤት ድስት ሲከደን እኔ ቤት ይሰማል። ዱላም ሲያርፍ ይሰማል።

ልጅቱ የመጣችው ከደጋው፣ ከፈረስ ቤት ወገን ነው። ቀጭን ናት፣ ድምጿ ዝቅ ያለ። በመጀመሪያው ሰሞን አየኋትና "ይቺ ደግሞ ምን ልትረባ ነው?" ብዬ ነበር። ኋላ ማድቤቷን ሳይ አፌን ያዝኩ። ምድጃዋን በገዛ እጇ ከጭቃና ከጭድ ሠራችው፤ እንጨት የሚገባበት አፉ ጠባብ፣ ጭሱ የሚወጣበት ከኋላ። እኔ ሸክም እንጨት አንድጄ ዓይኔ እየለበለበኝ የማበስለውን እሷ በእፍኝ ጭራሮ ትጨርሰዋለች። ባቄላውን ማታ ትነክረዋለች፤ ጠዋት አንዴ ፈላ ሲል ከእሳት አውርዳ በአሮጌ ጋቢ ትጠቀልለዋለች፤ ከእርሻ እስክትመለስ ራሱ በስሎ ይጠብቃታል። ጎመን ያጠበችበት ውሃ ለበርበሬ ችግኙ፣ የሽንኩርቱ ልጣጭና አተላው ለላሚቱ፤ አመዱ ተነፍቶ ግማሹ ዕቃ ማጠቢያ፣ ግማሹ ነቀዝ እንዳይበላው ባቄላው ላይ። መንገድ ተዘግቶ ዘይት ጠፋ በተባለ ጊዜ አገሩ ሁሉ ሲንጫጫ፣ እሷ ተልባና ኑግ ወቅጣ ልጇን ሜላትን በደንብ ታበላ ነበር። ሜላት እንደ ሌሎቹ ልጆች ከጭስ የተነሳ ስታስል ሰምቼ አላውቅም።

"አንቺ ልጅ" እላታለሁ፣ "ትንፋሽሽንም ቋጥረሽ ልታስቀምጪ ነው?"

"ቢቋጠርማ እትዬ!" ትለኛለች፣ አፏን በነጠላዋ ሸፍና እየሳቀች።

ከሁሉ የምትወደው ግን ግብጦን ነው። ግብጦ እንግዲህ እንደ ባቄላ ያለ እህል ነው፤ እኛ አገር ማዳበሪያ ሳያይ፣ ምንም በማይበቅልበት ድርቅ ያለ መሬት ላይ ይበቅላል፤ መሬቱንም መልሶ ያለማዋል። ክፋቱ መራራ ነው። መራራ ብቻ ቢሆን ደግ፤ ሳይታጠብ የበሉት እንደሆነ ያዞራል፣ ይጥላል። ተቆልቶ ይነከራል፣ ውሃው እየተቀየረ ቀናት ይቆያል፣ ምሬቱ ሲወጣለት ይላጥና በጨው ይበላል፤ ወጥም ይሆናል። ሌላው ሰው በጆንያ አድርጎ ወንዝ ውስጥ ይዘፈዝፈዋል። ሰብለ ግን "ከታች ከብት ይጠጣል እትዬ፣ ኃጢአት ነው" ትልና እቤቷ ነው የምትነክረው። የመጀመሪያውን ውሃ፣ ያንን ክፉውን፣ አትደፋውም። ጎመኑ ላይ ተባይ ሲወርድበት በቅጠል ትረጭበታለች፣ የጥጃዋንም መዥገር ታጥብበታለች። የምታስቀምጠው በአንድ ጥቁር እንስራ ነበር፤ አንገቱ ላይ ቀይ ጨርቅ ታስሮበታል። ሜላት ገና ዳዴ ስትል ጀምሮ ቀይ ጨርቅ ስታይ እጇን ትሰበስባለች።

ያንን ጨርቅ የማያውቅ በቤቱ ውስጥ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እንዳለው። ከየት ይወቀው? ወንድ ማድቤት አይገባም ተብሎ ነው ያደገው። እናታችን፣ ነፍሷን ይማረውና፣ ማድቤት ደጃፍ ቆሞ እንኳ ስታየው "ሴት ልትሆን ነው?" እያለች በማማሰያ ታባርረው ነበር። ከየትኛው ድስት እንደሚበላ ሳያውቅ ጎረመሰ፣ ሳያውቅ አገባ።

እንዳለው የበርበሬ ደላላ ነው። ፍኖተ ሰላምና ቡሬ ይመላለሳል፣ ከነጋዴ ጋር ይውላል፣ አረቄ ቤት ያመሻል። እጁ ክፉ ነው። ከሠርጉ ማግሥት ጀምሮ ነው የመታት፤ ሽማግሌ ያልገባበት ዓመት የለም። ይማታል፣ ይታረቃሉ፣ ይማታል። እኔም አጥር እየዘለልኩ ስንቴ ጋቢውን አንቄ ጎትቼዋለሁ፣ ስንቴ እላዩ ላይ ተፍቼበታለሁ። ምን ዋጋ አለው? ፊቷ አብጦ ምድጃዋ ሥር ቁጭ ብላ ባቄላዋን ስትለቅም አገኛትና ቆሽቴ ያርራል። "ሂጂ አገርሽ ግቢ!" እላታለሁ። የለቀመችውን ባቄላ ትነክራለች።

አረቄ ቤት ደግሞ ስም አወጡለት። "የግብጦ ባል" ይሉታል። እንግዲህ ለሰካራም ከዚህ የበለጠ ምን አለ? ሚስቱ ባትቆጥብ ኖሮ እሱ የሚጠጣው ከየት ይመጣ ነበር? ይህን ግን የሚያስብበት ልብ የለውም።

አንድ ቀን ከፍኖተ ሰላም ነጋዴዎችን ለምሳ ይዞ መጣ። ሰብለ ጎመኑን፣ ባቄላውን፣ ግብጦውን በነጭ ሽንኩርትና በቃሪያ አሰናድታ አቀረበች። በሉ፣ ጣታቸውን ላሱ። አንዱ ለጨዋታ ብሎ "ለካ እውነት ነው፣ የበርበሬ ጌታ ግብጦ ነው የሚበላው!" አለ። ሳቁ። እንዳለውም አብሮ ሳቀ። የሳቀው ሳቅ አላማረኝም፤ አጥር ላይ ሆኜ ሰምቼዋለሁ።

እንግዶቹ እንደወጡ ሽመሉን ይዞ ማድቤት ገባ። በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ። እንስራውን አንድ፣ ድስቱን አንድ፣ ማሰሮውን አንድ! ጥቁሩ እንስራም ተሰበረ፣ ውሃው ደጃፉ ድረስ ፈሰሰ። ምድጃዋን በእግሩ እየረገጠ አፉን ናደው። "አዋረድሽኝ! በሰው ፊት አዋረድሽኝ!" ይላል። ልትከላከል ብትቀርብ በሽመሉ ጫፍ ጎኗን ወጋት፤ ጸጉሯን ጠቅልሎ ይዞ ግንባሯን ከግድግዳው አጋጨው። ስደርስ ደሙ ዓይኗ ውስጥ ገብቶ ነበር። እጁን ነከስኩት፣ በጥርሴ፣ እስኪለቅ ድረስ። እየተሳደበ ወጣ።

ሰብለ ግንባሯን አስራ ምን ሠራች መሰላችሁ? ገሉን ለቀመችው። "ፈጭተን ከጭቃው ጋር ብንለውሰው ምድጃውን ያጠነክረዋል እትዬ" አለችኝ። አልቅሼ የማላውቀው ሴት አለቀስኩ፤ በንዴት።

ከእኔ በተዋሰችው ባልዲ አዲስ የነከረችው ግብጦ ነበር፤ ውሃው የሚቀየርበት ቀን ደረሰ። ማስቀመጫ የለም። ሳይሰበር የተረፈላት አንድ የጠላ ቅል ብቻ ናት፤ ግድግዳው ላይ ተሰቅላ ስለነበር ሽመሉ አልደረሰባትም። እዚያ ውስጥ ጨመረችውና ያንኑ ቀይ ጨርቅ አሰረችባት። "ተይ ድፊው" አልኳት። "ጎመኑን ተባይ ጨረሰው እኮ፤ ነገ ተነገወዲያ ረጭቼ እጨርሰዋለሁ" አለችኝ። መልሳ ሰቀለችው። ማድቤት የምንገባው ሁላችን ጨርቁን እናውቀዋለንና ምን ያሰጋታል?

የገበያ ቀን ነው፤ ፀሐይ ገና ዘቅዘቅ ማለቷ። እንዳለው ከማንኩሳ ሲመጣ በአጥሬ ቀዳዳ አየሁት፤ ዓይኑ ደም ለብሷል፣ ሽመሉን መሬት ለመሬት ይጎትታል። አሁን ደግሞ ማድቤት መግባት ተምሯል። ቀጥ ብሎ ገባ።

"ጠላ!" ሲል ሰማሁ።

"አልጠመቅኩም። በምን ልጥመቅ? ጋኑንም እንስራውንም ሰበርከው።"

"ይሄ ምንድን ነው? ይሄ የተሰቀለው?"

"አትንካው! እሱ አይጠጣም! የግብጦ ውሃ ነው፣ በማርያም!"

"ከእኔ ደብቀሽ ለማን ነው? ለማን ነው ያስቀመጥሽው?"

አጥሩን እንዴት እንደዘለልኩት አላውቅም፤ ቀሚሴ ተቀዶ እሾህ ላይ ቀርቷል። ደጃፉ ላይ ስደርስ ቅሉን በሁለት እጁ ይዞ አንጋጧል፤ ማንቁርቱ ይወጣል ይወርዳል። አረቄ ያደረቀው ጉሮሮ ምሬት የት ያውቃል! ሰብለ ዘላ በክንዷ ቅሉን መታችው። ቅሉ በርሮ ግድግዳው ላይ ተፈረከሰ፣ ውሃው ደረቱን አለበሰው።

ዞሮ አያት። "ከባልሽ አፍ ትነጥቂያለሽ?" አለ፣ በቀስታ። ከዚያ ሽመሉን በሁለት እጁ አነሳ። ሰብለ ፊቷን ልትሸፍን ክንዷን ስታነሳ አረፈባት። አጥንቱ ሲሰበር እንደ ደረቅ ጭራሮ ቀጭ አለ። አልጮኸችም፤ ቁጭ አለች። ሁለተኛው ጀርባዋ ላይ አረፈ። ጋቢውን ይዤ ተንጠለጠልኩበት፤ በክርኑ አፌን ብሎ ጣለኝ፣ ይሄው የፊት ጥርሴ ያን ጊዜ ነው የሄደው። ደሜን እየተፋሁ "ገደልካት! ገደልካት አንተ አውሬ!" እላለሁ፤ እሱ ለሦስተኛው ሽመሉን ሰቅሏል።

ሦስተኛው አልወረደም። ሽመሉ ከእጁ ሾልኮ ወደቀ። ምላሱን አውጥቶ ከንፈሩን ይልሳል፣ አይረጥብለትም። "ምነው ጨለመ?" አለ፣ በዚያ ፀሐይ። ጉልበቱ ከዳውና የናደው ምድጃ ላይ በግንባሩ ተደፋ፤ እጅና እግሩ ይንቀጠቀጥ ጀመር።

እውነቱን ልንገራችሁ። እኔ ልቤ ይሙት አለ። የእናቴ ልጅ ነው፣ አዝዬ ያሳደግሁት ነው፤ ይሙት፣ እፎይ እንበል አለ ልቤ። ቆሜ አየሁት።

"እትዬ! ባጃጅ ይጥሩልኝ!" አለች ሰብለ።

"አብደሻል?"

"ይጥሩልኝ፣ በሞቴ! ወንድምዎ እኮ ነው!"

በደረቷ እየተሳበች ሄዳ በደህናው እጇ በጎኑ አዞረችው፣ አፉን በነጠላዋ ጠረገችለት። የተሰበረው እጇ ከጎኗ ተንጠልጥሎ ይወዛወዛል። ምን ላድርግ? ጮኼ ሰው ሰበሰብኩ፣ ባጃጅ መጣ። ጤና ጣቢያ ስንደርስ ምን እንደጠጣ፣ ስንት ጉንጭ እንደሆነ፣ ግብጦው መቼ እንደተነከረ የተናገረችው እሷ ናት። እሱ አልጋ ይዞ ግሉኮስ ተተክሎለት፣ "ይተርፋል" እስኪሉ ድረስ እጇን ለማንም አላሳየችም። ኋላ ነርሷ አይታ "እናንተ ሰዎች!" ብላ ጮኸች።

ሰብለንና ሜላትን እኔ ቤት ወሰድኳቸው። በማግሥቱ እንዳለው አፉ ተፈታለት። የመጀመሪያ ቃሉ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? "መረዘችኝ።" ይህን ብቻ ነው ያለው። ለአለበል ደግሞ ይህ በቃው።

ሲመጣ ለሰብለ እጅ ማሰሪያ ጨርቅ እያፈላሁ ነበር። መጥረቢያ ይዟል። "አውጫት!" ይላል ከአጥሩ ጀምሮ። ሰብለ ከውስጥ ሜላትን አቅፋ ማዕዘን ላይ ተሸጉጣለች። ሙቀጫው ደጃፌ ላይ ነበርና ዘነዘናውን አንስቼ በሬ ላይ ቆምኩ።

"ዞር በይ እትዬ፣ ደም ነው!"

"የማን ደም? የእሷ ደም ነው ማድቤቱ ውስጥ ያለው፣ ሄደህ እይ!"

"ወንድሜን መርዛ ልትገድል!"

"አንተ ደደብ! ልትገድለው ብትፈልግ ዝም ብትል አይበቃትም ነበር? አንድ አፍታ ዝም ብትል!"

የሚሰማ ጆሮ አልነበረውም። መጥረቢያውን ሲሰነዝር ጎንበስ አልኩ፤ መቃኑ ላይ ተሰካ። ለመንቀል ጊዜ አላገኘም። ዘነዘናውን በሙሉ ኃይሌ ትከሻው ላይ አሳረፍኩት። አጥንቱ ሲሄድ በእጄ ተሰማኝ። እግሬ ሥር ተንከባለለ፤ እኔም እላዩ ቆሜ "ተነስ! ተነስና እደግምልሃለሁ!" እላለሁ። አልተነሳም። እንደ ልጅነቱ ያለቅስ ጀመር። "ቅሉን ከአፉ የጣለችው እሷ ናት እንዴ?" አለኝ፣ ቆይቶ። "እሷ ናት" አልኩት። ወጌሻ የጠራሁለትም እኔ ነኝ። አንዱ ወጌሻ ለሁለቱም ሠራላቸው።

እንዳለው ድኖ ሲወጣ ሽማግሌ ተቀመጠ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ። ዳኛው የንስሐ አባታቸው ቄስ ሃይለ ሚካኤል ናቸው፤ አገሩም ተሰብስቧል። ሰብለ ክንዷን በእንጨት ታስራ ሴቶቹ ጋ ተቀምጣለች። የሚፈረደው በእሷ ነበር። መርዝ አስቀምጣለች ከተባለ ወንድሞቼን ማን ይይዛቸዋል? ለእሷ ተፈርዶላት ተመለሺ ከተባለች ደግሞ የሚቀጥለው ሽመል የት ያርፋል? 

አባ ሃይለ ሚካኤል እንዳለውን ጠየቁት። "ልጄ፣ ቅሉን ከአፍህ ማን አነሳው?"

"እሷ።"

"ጤና ጣቢያስ ማን አደረሰህ?"

የጋቢውን ጫፍ ይጎነጉን ጀመር።

"እጇን ማን ሰበረው?"

"አባቴ፣ ከአፌ ነጥቃኝ እኮ ነው።"

ከሰዉ መካከል አንዱ ሳቀ፤ ሌላው "እፍ!" አለ። ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። ብዙም አልቆዩ፤ ጥፋቱ የእሱ ነው፣ በግ ይረድ፣ የወጌሻውን ይቻል፣ ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ ይጠይቅ፣ እሷም ወደ ቤቷ ትግባ ተባለ። እንዳለው ድንጋዩን ማጅራቱ ላይ ጭኖ እግሯ ሥር ተንበረከከ። እኔ እግዜር ይቅር ይበለኝና ድንጋዩ ትንሽ ነው ብዬ አስቤያለሁ። ሁሉም "እንግዲህ ይማርህ በዪው" እያለ ያያታል።

ሰብለ ተነሳች። ድምጿ ያው ዝቅ ያለ ነው፤ ግን ሁሉም ሰማት።

"ይማረው አባቴ። ቂም አልይዝበትም። ግን አልመለስም።"

"ለምን ልጄ? ወድቆልሽ?"

"አባቴ፣ እኔ የሚጣል ነገር አላውቅም። ልጣጩ ለላሚቱ፣ አመዱ ለባቄላው ነው። የሰበረብኝን እንስራ ገሉን ለምድጃ አዋልኩት። ያንን ክፉ ውሃ እንኳ ጎመን አዳንኩበት። የዚህን ሰው ዱላ ግን ለምን እንደሚሆን ከሠርጌ ማግሥት ጀምሮ ፈለግሁ፤ አንድ የሚረባ ነገር አላወጣሁበትም። እሱን ልጣለው፣ ይፍቀዱልኝ።"

ሽማግሌዎቹ ተንጫጩ፤ "ኧረ እንዲህ አይባልም! ኧረ ሴትዮ!" ተባለ። አባ ሃይለ ሚካኤል ግን ጎንበስ ብለው ድንጋዩን ከእንዳለው ማጅራት በራሳቸው እጅ አወረዱት። "ተነስ፤ ቃሏን ሰምተሃል" አሉት። ከዚያ በላይ አልተናገሩም።

ይሄው እኔ ቤት ናት። እጇ ጎበጥ ብሎ ነው የገጠመው፤ በግራዋ ታማስላለች። ማድቤቴን ወረሰችው! ጭቃውን እኔ እያቦካሁ፣ እያጉረመረምኩ፣ ምድጃ ሠራችልኝ። የሽንኩርት ልጣጭ እንኳ ከእጄ ቢወድቅ ትገላምጠኛለች። ዓይኔ ግን መቅላቱን ትቷል።

ባለፈው ወንድሜ እንዳለው አጥሩ ጋ መጣ። ከስቷል። ሚስት የሚሰጠው ጠፍቶ ራሱ ነው የሚያበስለው፤ ዘይቱም አይቀመስም። ግብጦ ይዟል፣ በጣሳ። "እትዬ" አለኝ፣ ዓይኑን መሬት ላይ አድርጎ፣ "ይሄ ነገር ስንት ቀን ነው የሚነከረው?"

እኔ ብሆን አልነግረውም፤ ጠጥተህ እወቀው ነበር የምለው። ሰብለ ግን እጇን እየጠረገች ወጣች። እንዴት እንደሚቆላ፣ ውሃው መቼ መቼ እንደሚቀየር፣ ምሬቱ መውጣቱ በምን እንደሚታወቅ አንድ በአንድ ነገረችው። "የመጀመሪያውን ውሃ ያስቀመጥክበት ዕቃ ላይ ቀይ ጨርቅ እሰርበት" አለችው። ከራሷ ሻሽ ጫፍ ቀዳ በአጥሩ ቀዳዳ አቀበለችው። ተቀብሎ በጋቢው ጫፍ ቋጠረውና ሄደ።

እሱ ቤቱ እስኪገባ ቆማ አየችው። ከዚያ "እትዬ፣ አጥሩ እዚህ ጋ ሳስቷል" አለችኝ። እሾህ አመጣን፤ እሷ በግራዋ፣ እኔ በሁለት እጄ፣ ቀዳዳውን ደፈንነው።